ሳኬ ቡፌ ላይ አይቀመጥም

ጥያቄው ይህ ነው። «ወንድሜ ለሥራ ቶኪዮ ነው፤ ኅዳር ላይ ይመለሳል። የባለቤቴ አባት በፋሲካ 70 ዓመት ይሞላቸዋል። አንድ ሳኬና አንድ ውስኪ ከጃፓን ላስመጣላቸው አስቤያለሁ። እሳቸው ብላክ ሌብል ይወዳሉ። እኔ ሳኬ አንድ ጊዜ ብቻ እዚህ ቨርጂኒያ ምግብ ቤት ውስጥ ትኩሱን ቀምሼ አልጣመኝም። የቱን ይግዛልኝ? ውድ ውዱን ልበለው? እስከ ፋሲካስ ሁለቱንም ቡፌ ላይ ባስቀምጣቸው ችግር አለው?»

እህቴ፣ ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር፤ ሌላውን የሚፈታው እሱ ነው። ውስኪውን ቡፌ ላይ አስቀምጪው፣ ምንም አይሆንም። ሳኬውን ግን ወንድምሽ ሻንጣውን እንደከፈተ ተቀብለሽ ፍሪጅ ውስጥ ክተቺው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሳኬ ይጠመቃል፤ ውስኪ ግን እንደ አረቄ ይወጣል። በእኛ ቤት ቋንቋ ሳኬ የጠላ ዘመድ ነው፣ ውስኪ ደግሞ የአረቄ። አረቄ ታሽጎ ዓመት ቢቀመጥ ያው አረቄ ነው። ጠላ ግን ቀን ይቆጠርበታል። ሳኬ የጠላን ያህል አይቸኩልም። አብዛኛው ከመሸጡ በፊት ሁለት ጊዜ እየሞቀ እንዳይበላሽ ይደረጋል። ቢሆንም ባሕርዩ ከጠላ ወገን ነው፤ ብርሃንና ሙቀት አይወድም። ጠርሙሱ ስለሚያምርና ጽሑፉ ስለማይነበብ ብቻ ሰው እንደ ውስኪ ያየዋል።

እኔም አንድ ጊዜ ተሳስቻለሁ። ጃፓን ምግብ ቤት ባር ውስጥ መሥራት የጀመርኩ ሰሞን ባልደረቦቼ ለልደቴ አንድ ጠርሙስ ሰጡኝ። መስታወቱ ነጭ፣ ውስጡ እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ። አሳዘነኝና ቡፌ ላይ፣ ያውም መስኮቱ ፊት ለፊት አቆምኩት። ክረምትና በጋ አለፈ። እንግዳ መጣና በኩራት ከፈትኩት። ቀለሙ ወደ ቢጫ ሄዷል። ሽታው የቆየ የጎመን ቅቅል ውሃ ላይ ትንሽ ሶያ ሶስ የጨመሩበት ይመስላል። እንግዳው «ሳኬ እንዲህ ነው እንዴ?» አለኝ። አይደለም። ገዳዩ እኔ ነኝ። ዛሬም በጋዜጣ ተጠቅልሎ የሚሸጥ ሳኬ ሳይ ያ ጠርሙስ ትዝ ይለኛል። ጋዜጣው ጌጥ አይደለም፣ ጥላ ነው።

ትኩሱን ቀምሰሽ አለመውደድሽ አይገርመኝም። ብዙ ምግብ ቤት ውስጥ በትኩሱ የሚቀርበው ርካሹ ነው። በጣም ሲያፈሉት ጉድለቱ ይሸሸጋል፤ የሚቀረው ወደ አፍንጫ የሚወጣ የአልኮል እንፋሎት ብቻ ነው። በዚህ ግን ሳኬ መሞቅ የለበትም ብለሽ እንዳትደመድሚ። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

መጀመሪያ ምን እንደሆነ እንተዋወቅ። «የሩዝ ወይን» የሚሉት አሉ፤ እኔ አልወደውም። ወይን ፍሬው ውስጥ ስኳሩ አለ፤ እርሾ ካገኘ ይፈላል። እህል ውስጥ ግን ያለው ስታርች ነው፣ እርሾ ደግሞ ስታርች አይበላም። ጠላ ሲጠመቅ ካየሽ ለዚህ ብቅል እንደሚገባበት ታውቂያለሽ። ጃፓኖች ለሳኬ ሩዙን አያበቅሉም። በእንፋሎት በበሰለ ሩዝ ላይ ኮጂ የሚባል ሻጋታ ይነሰነሳል። ሞቃት ክፍል ውስጥ ሁለት ቀን ያህል ይቆያል። ሩዙ ነጭ ጸጉር ያወጣል፤ ቢቀምሱት ይጣፍጣል። ከዚያ በውሃና በእርሾ ይጠነሰሳል፣ በሦስት ዙር ሩዝ እየተጨመረ ጋኑ ይሞላል። እዚያው ጋን ውስጥ ኮጂው ስኳር እያወጣ እርሾው እየተከታተለ ይበላዋል። በዚህ ምክንያት ሳይነጠር 20 በመቶ አልኮል አካባቢ ይደርሳል። ከዚያ ውሃ ይጨመርበትና 15 ወይም 16 ላይ ይታሸጋል። ውሃ ሳይጨመርበት የታሸገው ጌንሹ ይባላል፤ ለጀማሪ ይከብዳል።

ይህ የኮጂ ጥበብ በ2024 ዩኔስኮ ዘንድ ተመዝግቧል፤ የእኛ ጥምቀት በ2019 የገባበት መዝገብ ውስጥ ማለት ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

አንድ የቋንቋ ነገር ደግሞ ለወንድምሽ ንገሪው። ጃፓን ውስጥ «ሳኬ» ማለት መጠጥ ማለት ነው፤ ቢራውም ውስኪውም ይገባበታል። እኛ ሳኬ የምንለውን እነሱ «ኒሆንሹ» ይሉታል። ሱቅ ገብቶ ኒሆንሹ ይበል።

አሁን ወደ ጠርሙሱ። ጽሑፉን ማንበብ ባይችልም ሁለት ነገር መለየት ይችላል።

አንደኛው «ጁንማይ» የሚለው ነው። ሩዝ፣ ኮጂና ውሃ ብቻ፣ ከውጭ አልኮል ያልተጨመረበት ማለት ነው። ሁለት ምልክት ነው፤ ሁለተኛው «ሩዝ» ማለት ነው። መስቀል ሥሎ በአራቱም ማዕዘን አንዳንድ ጭረት የጨመረበት ይመስላል። አንዴ ካዩት አይረሳም። በነገራችን ላይ አልኮል የተጨመረበት ሁሉ መጥፎ አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነትና ከዚያ በኋላ ሩዝ ሲጠፋ ሳኬውን በአልኮልና በስኳር እያባዙ ይሸጡት ነበር፤ መጥፎ ስሙ የመጣው ከዚያ ነው። ዛሬ ሆንጆዞ የሚባለው ላይ የሚገባው ጥቂት ነው፤ የሚገባውም ሽታውን ለማውጣትና መጠጡን ለማቅለል ነው። ብቻ ለመጀመሪያ ጊዜ ጁንማይ ብትይዢ ጥሩ ነው።

ሁለተኛው በመቶ ምልክት ያለበት ቁጥር ነው። 70፣ 60፣ 50፣ አንዳንዴም 23 ይላል። አልኮሉ 15 ወይም 16 ስለሆነ አይምታታም። ይህ ቁጥር ሩዙ ተፍቆ ምን ያህል እንደቀረ ይናገራል። የሩዙ ላይኛው ክፍል ፕሮቲንና ስብ ይበዛበታል፣ ጣዕሙን ያከብደዋል። ሲፋቅ መሐል ያለው ንጹሕ ስታርች ይቀራል። 60 ወይም ከዚያ በታች ከቀረ ጊንጆ፣ 50 ወይም ከዚያ በታች ከቀረ ዳይጊንጆ የመባል መብት ያገኛል። ዳሳይ የሚባለው የያማጉቺ ሳኬ «23» ብሎ የሚሸጠው አለ፤ ከሩዙ 77 በመቶው ተፍቆ ሄዷል ማለት ነው። ለዚህ ነው የሚወደደው።

እና ውዱ ይሻላል ወይ? ማኛ ጤፍና ሰርገኛ አስቢ። ማኛው ነጭ ነው፣ ለስላሳ ነው፣ ለእንግዳ ያኮራል፣ ዋጋውም ከፍ ይላል። ሰርገኛው ግን የእህሉ ጣዕም አለው፤ ከማኛው አስበልጠው የሚወዱት ሞልተዋል። ዳይጊንጆ ማኛው ነው። ፖም፣ ሐብሐብ፣ የበሰለ ሙዝ ይሸታል። ምንም ፍራፍሬ አልገባበትም፤ በብርድ በዝግታ ሲፈላ እርሾው የሚያወጣው ሽታ ነው። ቀዝቀዝ ብሎ ብቻውን ሲጠጣ ያስደንቃል። ዶሮ ወጥ አጠገብ ስታስቀምጪው ግን በርበሬው አፉን ዘግቶበት ውሃ ይሆናል። 60 ወይም 65 የሚል ጁንማይ ምግብ አይፈራም። እኔን ከጠየቅሽኝ የራሴን ገንዘብ የማወጣው ለሁለተኛው ነው።

ኪሞቶ ወይም ያማሃይ የሚባሉት ደግሞ አሉ። ጥንስሳቸው በጥንቱ መንገድ ነው፤ ባክቴሪያው ራሱ ቀስ ብሎ ኮምጣጣነቱን እስኪሠራ ይጠበቃል። እርጎ እርጎ፣ እንጉዳይ እንጉዳይ የሚል ነገር አላቸው። ለብ ለብ ክትፎ አጠገብ ሞክሬዋለሁ። ከቅቤው ጋር ተስማምቷል። ጃፓናዊው አለቃዬ ሲያየኝ ሳቀና እሱም ደገመ።

ስለ አገሩ ጥቂት ልበል። ኮቤ ከተማ አካባቢ ናዳ የሚባል ቦታ አለ። ውሃው ማዕድን የበዛበት፣ ከባድ ነው። እርሾው በማዕድኑ ይበረታል፤ ሳኬው ቆፍጠን ያለና ደረቅ ይሆናል፤ ደረቅ ጠጅ ስንል እንደምንለው ማለቴ ነው። የዚህ ውሃ ታሪክ ደስ ይላል። በ1840 አካባቢ ያማሙራ ታዛኤሞን የሚባል ጠማቂ ሁለት ቦታ መጥመቂያ ነበረው። የአንዱ ሁልጊዜ ይበልጣል። ሩዙን አንድ አደረገ፣ ጠማቂዎቹን አቀያየረ፣ ለውጥ የለም። መጨረሻ ላይ ውሃውን ከጥሩው ጉድጓድ ወደ ሌላኛው ቢያስግዝ ሁለቱም እኩል ሆኑ። ከዚያ በኋላ ያ ውሃ ራሱ ገበያ ወጣ፤ ሚያሚዙ ይሉታል። ኪዮቶ ውስጥ ያለው ፉሺሚ ደግሞ ውሃው ለስላሳ ነው፣ ሳኬውም እንዲሁ። ጃፓኖች የናዳውን የወንድ፣ የፉሺሚውን የሴት ሳኬ ይሉታል። እኔ ባር ውስጥ ያየሁት ግን ወንዶቹ የፉሺሚውን ሲያዝዙ ነው። በረዶ የሚበዛበት የኒጋታ ሳኬ ቀላል፣ ደረቅና ንጹሕ ነው። ለጀማሪ ግራ አያጋባም።

አቀማመሱ አያስፈራሽ። ባለሙያዎች የሚቀምሱበት ነጭ የሸክላ ስኒ አለ፤ ታቹ ላይ ሁለት ሰማያዊ ክብ ተሥሎበታል። ሳኬውን ስትቀጂበት በነጩ ላይ ቀለሙን፣ በሰማያዊው ጠርዝ ላይ ጥራቱን ታያለሽ። ጠርዙ ከደበዘዘ ደፍርሷል ማለት ነው። ቤት ውስጥ ነጭ የቡና ስኒ ይበቃል፤ ብቻ ቡና ቡና እንዳይሸት። አሽትቺው። ትንሽ ተጎንጪና አየር ሳብ አድርጊበት፤ ድምፅ ቢያወጣ ነውር የለውም። ምላስሽ ላይ መጀመሪያ የሚመጣው ጣፋጩ ነው። ቀጥሎ እንደ ሥጋ መረቅ አፍ የሚሞላ ነገር አለ። መጨረሻ ላይ ደግሞ ወይ ቶሎ ይጠፋል፣ ወይ ይቆያል። «ወደድኩት አልወደድኩትም» ከማለትሽ በፊት አጨራረሱን ጠብቂ። የሳኬ ልዩነት ያለው መጨረሻው ላይ ነው።

የሙቀቱን ነገር ቃል ገብቼልሻለሁ። አንዱን ጁንማይ ጠርሙስ ለሦስት ከፍይው። አንዱን ከፍሪጅ አውጥተሽ ሩብ ሰዓት አቆይው። አንዱን እንዳለ በክፍሉ ሙቀት። አንዱን አሙቂ። ማይክሮዌቭ አያስፈልግም። ውሃ አፍልተሽ እሳቱን አጥፊ፣ ሳኬውን በትንሽ ዕቃ አድርገሽ እዚያ ውስጥ አቁሚው። የሕፃን ጡጦ እንደሚሞቀው ማለት ነው። ጃፓኖች ለዚህ ቶኩሪ አላቸው፤ አንገቷ የጠበበ የሸክላ ብርሌ በያት። ሁለት ሦስት ደቂቃ ቆይተሽ ታቿን በእጅሽ ንኪ። ለብ ካለ 40 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ኑሩካን ይሉታል። ትንሽ ከበረታ 45 ነው፤ 50 ሲደርስ አትሱካን ይሆናል። ከዚያ በላይ አትሂጂ። ሦስቱን ቅመሺ። ቅዝቃዜው ላይ የተኮራመተው ሩዝ ለብ ሲል ይፈታል። ያን ቀን ምግብ ቤት የቀመስሽውና ይህ አንድ መጠጥ አይመስሉም። ዳይጊንጆውን ግን አታሙቂው፤ የከፈልሽበት ሽታ ከእንፋሎቱ ጋር ይሄዳል።

ወደ ውስኪው ልለፍ። ድልድዩ አንድ ሰው ነው። ማሳታካ ታኬትሱሩ በ1894 ሂሮሺማ ግዛት፣ ታኬሃራ፣ ሳኬ ጠማቂ ቤት ተወለደ። በ1918 ወደ ስኮትላንድ ሄደ፤ ግላስጎው ተማረ፣ ማንጠሪያዎቹ ውስጥ ገብቶ ሠራ፣ ሁሉን በማስታወሻው ጻፈ። በ1920 ሪታ ካወን የምትባል የስኮትላንድ ልጅ አግብቶ ተመለሰ። ኦሳካ ውስጥ ደግሞ ሺንጂሮ ቶሪይ የሚባል ነጋዴ ነበር፤ ዛሬ ሰንቶሪ የምንለውን ድርጅት የመሠረተው እሱ ነው። በ1923 ሁለቱ ያማዛኪ የሚባለውን ማንጠሪያ ጀመሩ። ቦታው ኪዮቶና ኦሳካ መካከል ነው፤ ሦስት ወንዞች ይገናኙበታል፣ ጭጋግ አያጣውም። በ1929 የመጀመሪያውን ውስኪ አወጡ። ጭሱ በዛ ተባለና አልተሸጠም። ቶሪይ ለጃፓን ምላስ የሚስማማ ለስላሳ ነገር ፈለገ። ታኬትሱሩ የስኮትላንዱን ጭስ አልተውም አለ። በ1934 ተለይቶ ወደ ሰሜን፣ ሆካይዶ ሄደና ዮይቺን መሠረተ። ውስኪው በርሜል ውስጥ እስኪደርስ የፖም ጭማቂ እየሸጠ ቆየ። ኒካ የሚባለው የእሱ ድርጅት የመጀመሪያ ውስኪ የወጣው በ1940 ነው።

ይህን የምነግርሽ ለወሬ ብቻ አይደለም። የሁለቱ ሰዎች ጠብ ዛሬም ጠርሙሱ ውስጥ አለ። የሰንቶሪው ለስላሳ፣ ፍራፍሬ የሚሸት ነው። ዮይቺ ዛሬም የመዳብ ጋኑን በድንጋይ ከሰል እሳት ያነዳል፤ ውስኪው ወፍራም ነው፣ ጭስና የባሕር ጨው አለበት። የባለቤትሽ አባት ብላክ ሌብል ይወዳሉ ብለሻል። ብላክ ሌብል ውስጥ ስስ ጭስ አለ። ስለዚህ አእምሮዬ መጀመሪያ የሄደው ወደ ዮይቺ ነው።

ግን መለያው ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ጃፓን ውስጥ ለረጅም ጊዜ ከስኮትላንድ ወይም ከካናዳ የመጣ ውስኪ አሽጎ የጃፓን አስመስሎ መሸጥ የሚከለክል ሕግ አልነበረም። በ2021 የአምራቾቹ ማኅበር ደንብ አወጣ። ከ2024 ሚያዝያ ወዲህ ነባሮቹም ምርቶች እንዲገዙበት ተደርጓል። «ጃፓን ውስኪ» ለመባል ብቅል ያለበት እህል፣ የጃፓን ውሃ፣ እዚያው ጃፓን መፍላትና መንጠር፣ ቢያንስ 3 ዓመት እዚያው በእንጨት በርሜል መቆየት፣ እዚያው መታሸግ አለበት። ደንቡ የአባላት ስምምነት እንጂ የመንግሥት ሕግ አይደለም። ስለዚህ የፉጂ ተራራ፣ የቼሪ አበባና ሳሙራይ የተሣለበት፣ የማንጠሪያው ስም ግን የሌለበት ጠርሙስ አሁንም ይሸጣል። ወንድምሽ ሥዕሉን ሳይሆን የማንጠሪያውን ስም ይይ። ያማዛኪ፣ ሃኩሹ፣ ዮይቺ፣ ሚያጊክዮ፣ ቺቺቡ፤ እነዚህ ቦታዎች ናቸው።

ይህ ማለት ግን ከደንቡ ውጭ ያለው ሁሉ ማጭበርበሪያ ነው ማለት አይደለም። ኒካ ፍሮም ዘ ባረል የሚባል አጭር፣ አራት ማዕዘን ጠርሙስ አለ፤ አልኮሉ 51.4 በመቶ ነው። ኩባንያው ራሱ ደንቡን ሙሉ በሙሉ እንደማያሟላ በግልጽ ይናገራል። እኔ ቤት ግን ጠርሙሱ አይጠፋም። ልዩነቱ እየነገሩሽና እየደበቁሽ በመሸጥ መካከል ነው።

ዕድሜውስ? 12፣ 17፣ 18 የሚል ቁጥር ከሌለው ዝቅተኛ ነው ብለሽ እንዳታስቢ። የጃፓን ውስኪ ገበያ ከ1980ዎቹ ወዲህ ለዓመታት ወርዶ ነበርና ማንጠሪያዎቹ ጥቂት ብቻ ያወጡ ነበር። ከ2000 በኋላ ሽልማቱ ሲዘንብና ዓለም ሲሻማ በርሜሉ ውስጥ ያረጀ ነገር አልነበረም። 12 ዓመት ደግሞ በገንዘብ አይገዛም። በ2018 የሰንቶሪዎቹ ሂቢኪ 17ና ሃኩሹ 12 ሽያጫቸው ቆመ፤ ሃኩሹ 12 በ2021 ተመለሰ። በዚህ እጥረት ምክንያት ቁጥር ያለው ጠርሙስ ቶኪዮ ውስጥም ከመደበኛ ዋጋው በላይ ይሸጣል። ያማዛኪ 55 የሚባለው አንድ ጠርሙስ በ2020 ሆንግ ኮንግ ላይ ወደ 795,000 ዶላር ወጥቷል። እሱ መጠጥ መሆኑ ቀርቷል። ባዶ ጠርሙስ እየገዙ የሚሞሉም አሉ። ወንድምሽ ከመንገድ ላይ፣ ከግለሰብ፣ «በርካሽ ላግኝልህ» ከሚል ሰው እንዳይገዛ።

የውስኪ አቀማመስ ከሳኬው ይለያል። አፉ ጠበብ ያለ ብርጭቆ ይሻላል። አፍንጫሽን ዘው አታድርጊው፤ አልኮሉ ያደነዝዝሻል። አፍሽን ትንሽ ከፍተሽ ከራቅ ያለ ጀምሪ። ቀጥሎ ጥቂት ጠብታ ውሃ ጨምሪና እንደገና አሽትቺ። ተዘግቶ የነበረው ሲከፈት ይታወቅሻል። ሚዙናራ በሚባል የጃፓን ባሉጥ በርሜል ያረጀ ነገር ካጋጠመሽ ደግሞ የማታውቂው ሽታ አይደለም። ፈረንጆቹ ለመግለጽ ይቸገራሉ፣ «የቤተ መቅደስ ሽታ» ይላሉ። ለእኛ ቀላል ነው፤ ሰንደል ነው። ቡና እየተፈላ ጥግ ላይ የምትጨሰው ቀጭን ሰንደል። ሚዙናራ ሥራ ላይ የዋለው በጦርነቱ ጊዜ የውጭ በርሜል ሲጠፋ ነው። ያንጠባጥባል፣ ለአናጺ ያስቸግራል፣ ሽታውን ለመስጠትም ብዙ ዓመት ይፈልጋል። ያማዛኪ 12 ውስጥ ከሌሎች በርሜሎች ጋር ተቀላቅሎ ጥቂት አለ።

ጃፓኖች ራሳቸው አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ አጥንተው አይጠጡም። ብርጭቆውን በበረዶ ሞልተው፣ አንድ እጅ ውስኪ፣ ሦስት ወይም አራት እጅ ሶዳ ይጨምራሉ፤ ሃይቦል ነው። አንዴ ብቻ ይማሰላል፣ ጋዙ እንዳይሄድ። ጥብስ ሲኖር ከዚህ የተሻለ አላውቅም። የባለቤትሽ አባት ውስኪን በሶዳ የለመዱ ከሆኑ አዲስ ነገር አይሆንባቸውም።

እንግዲህ ለወንድምሽ የምትልኪው ይህ ነው። ከውስኪ፣ ለእሳቸው አፍ ከሆነ ዮይቺ ሲንግል ሞልት (ከአንድ ማንጠሪያ ብቻ የወጣ የብቅል ውስኪ ማለት ነው)፣ ዕድሜ ያልተጻፈበት። ጭሱ በዛ እንዳይሉ ከፈራሽ ሃኩሹ፤ ጭሱ ስስ ነው፣ እንደ እርጥብ ሣር የሚሸት ነገር አለው። ለቡፌው ግርማ ከሆነ የምታስቢው ሂቢኪ ሃርመኒ ይሁን። ለስላሳ ነው፣ ማንንም አያስቀይምም፣ ጠርሙሱም 24 ገጽ አለው፤ በጥንቱ የጃፓን አቆጣጠር ዓመቱ ለ24 ወቅት ስለሚከፈል ነው። እኔ ብሆን ዮይቺን እመርጣለሁ።

ከሳኬ፣ አንድ 720 ሚሊ ሊትር ጁንማይ ወይም ጁንማይ ጊንጆ። 2,000 የን አካባቢ ጥሩ ነገር ይገኛል። ለ23 ቁጥር ገንዘብ አታውጪ፤ ፋሲካ ላይ ዶሮ ወጥና ክትፎ አጠገብ ይባክናል። «ናማ» የሚባለውን ግን እንዳይገዛ፤ ጨርሶ ያልሞቀ ነው፣ ከፍሪጅ ወጥቶ ጉዞውን አይችለውም። የትልልቅ መደብሮች ምድር ቤት ሄዶ «ሙቅ አድርጌ የምጠጣው» ቢላቸው ሻጮቹ ራሳቸው ይመርጡለታል። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ቀን ብዙ ጊዜ የታሸገበት ነውና ቅርብ ቀን ያለውን ይውሰድ።

ሁለቱም የሚላክ ሻንጣ ውስጥ፣ በልብስ ተጠቅልለው ይግቡ። ውስኪ ለአንድ ሰው እስከ 5 ሊትር ይፈቀዳል፤ ሳኬው ከ24 በመቶ በታች ስለሆነ ያ ገደብ አይመለከተውም። አሜሪካ ሲገባ ከ1 ሊትር በላይ ስለሚሆን ጉምሩክ ላይ ያሳውቅ፤ ቢያስከፍሉትም ብዙ አይደለም።

ሳኬው ከኅዳር እስከ ፋሲካ ፍሪጅ ውስጥ፣ ቆሞ፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ይቆይ። በጾሙ ማንም አይነካውም፣ ለእሱም ለእናንተም ጥሩ ነው። የፋሲካ ለት ግማሹን ቀዝቀዝ፣ ግማሹን ለብ አድርጊና አቅርቢ። በጃፓን ልማድ ሰው ለራሱ አይቀዳም፤ ጎን ያለው ይቀዳለታል። እሳቸው ያንቺን እንዲቀዱ ስኒሽን ዘርጊላቸው።

ውስኪው ከተከፈተ በኋላም ወራት ይቆያል፤ አትቸኩሉ። ሳኬው ከተረፈ ግን ፍሪጅ መልሺውና ሳምንት ሳይሞላው ጨርሱት። ሳምንቱ ካለፈ ዓሣ ቀቅይበት፤ ጃፓኖችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።